ፊድ ምንድር ነው? ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

ባለፈው ዓመት ከጓደኞቻችን አንዱ የምዝገባ ቀን አለፈው። ልጁ የዳባት አካባቢ ሰው ነው። እናቱ ታመው ስለ ነበር ከጥምቀት በኋላ ወደ አገሩ ሄዶ ጥቂት ቀን ሰነበተ። በዚያው ሰሞን የምዝገባው ቀን መለወጡን የሚገልጽ ማስታወቂያ ወጣ። ማስታወቂያው በአንድ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ በአንድ ድረ ገጽም ላይ ተጻፈ፤ በስልክ ቡድኖችም ከቀልዱና ከሥዕሉ መካከል ተላለፈ። ልጁ ግን ኔትወርክ የሚያገኘው ጉብታ ላይ ሲወጣ ነው። እዚያም ወጥቶ ድረ ገጹን ለመክፈት ሞከረ፤ ገጹ ግማሽ መንገድ ደርሶ ቀረ። ወደ ጎንደር ሲመለስ ቀኑ ካለፈ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። አቤት ቢል «ማስታወቂያው እኮ ወጥቷል» ተባለ። እውነት ነው፤ ወጥቷል። ለእርሱ ግን አልደረሰም፤ ስለዚህም መንፈቀ ዓመቱን በከንቱ አሳለፈ።

ማስታወቂያ ማውጣትና ማስታወቂያ ማድረስ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው የማድረሱን ሥራ ለማቃለል ከ25 ዓመት በፊት ስለ ተፈለሰፈ አንድ ቀላል መሣሪያ ነው፤ ስሙም ፊድ ይባላል። አንባቢዎች ሆይ፤ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ብቻ እንዲያነቡት የተጻፈ አይደለም። የሕክምናውም፣ የሕጉም፣ የግብርናውም ተማሪ ሊረዳው በሚችል መንገድ ለማስረዳት ሞክሬአለሁ። የፕሮግራሙ ቃላት በኮምፒውተር ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን እንደሚነበቡት አድርጌ በእኛው ፊደል አስፍሬአቸዋለሁ።

የፊድ ምንነት

ሽማግሎች እንደሚነግሩን በድሮ ጊዜ በከተማችን ጃንተከል ዋርካ ሥር ሕዝብ ይሰበሰብ ነበር። አዋጅ የሚሰማ ሰው ወደ አደባባይ መውጣት ነበረበት፤ ያልወጣ ከወጣው ይጠይቃል። የዛሬውም ድረ ገጽ በዚህ ረገድ ከአደባባዩ አይለይም። አዲስ ነገር መኖር አለመኖሩን ለማወቅ እኛ ራሳችን ወደዚያ መሄድ አለብን። ማራኪ ግቢ አንድ ሰሌዳ አለ፤ ቴዎድሮስ ግቢ ሌላ፤ ፋሲል ግቢ ደግሞ ሌላ። ሦስቱን ዞሮ አዲስ ነገር ሳያገኝ የተመለሰ ሰው ድካሙን ያውቀዋል።

ፊድ ግን እንደ መልእክተኛ ነው። የድረ ገጹ ባለቤት ያወጣቸውን ጽሑፎች ዝርዝር፣ ርእሳቸውን፣ ቀናቸውንና አድራሻቸውን በአንድ አነስተኛ ፋይል ውስጥ በተወሰነ ሥርዓት ያስቀምጣል። አንባቢው ፊድ ማንበቢያ የሚባል ፕሮግራም ይኖረዋል። ይህ ፕሮግራም የሚፈልጋቸውን ፋይሎች ሁሉ እየዞረ ያመጣና ከዚህ ቀደም ያልታየውን ብቻ ለይቶ ያቀርባል። በፋይሉ ውስጥ ጌጥ የለም፤ ሥዕል የለም፤ ማስታወቂያ ነጋዴም የለም። ጽሑፍ ብቻ ነው።

መነሻውን በአጭሩ ለመናገር፣ አር ኤስ ኤስ የሚባለውን የመጀመሪያውን ዐይነት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ኔትስኬፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣውን 1.0 የተባለ እትም ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ አሮን ስዋርትዝ ሲሆን፣ በጊዜው የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ዕድሜአችንን እያሰብን «እኛ ገና ተማሪዎች ነን» ለምንል ሁሉ ይህ ትምህርት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን አር ኤስ ኤስ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ዴቭ ዋይነር ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2005 ደግሞ አቶም የሚባለው ሁለተኛው ዐይነት አር ኤፍ ሲ 4287 በሚል ቍጥር ደንብ ሆኖ ጸደቀ። ጉግል ሪደር የተባለው ታዋቂ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 በተዘጋ ጊዜ ብዙ ሰዎች ፊድ የሞተ መሰላቸው። ይሁን እንጂ የተዘጋው አንዱ ማንበቢያ ነው እንጂ ፊዱ አይደለም። ዛሬ ወጣቶች በስልካቸው የሚያዳምጡት ፖድካስት የሚተላለፈው በዚሁ በአር ኤስ ኤስ ነው።

በአማርኛም ፊድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው ቢቢሲ አማርኛ ዜናውን በአር ኤስ ኤስ ያወጣል። የአማርኛ ዊኪፔዲያ በቅርብ የተለወጡትን ገጾች ዝርዝር በአቶም ይሰጣል። ለምርምር ጽሑፍ ለሚደክመው ተማሪም የሚጠቅም አለ። ብዙ የዩኒቨርስቲ መጽሔቶች የሚታተሙበት ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የተባለው ፕሮግራም፣ እንዲሁም የመመረቂያ ጽሑፎች የሚከማቹበት ዲስፔስ የተባለው ፕሮግራም፣ ባለቤቶቻቸው ከፈቀዱላቸው ፊድ ማውጣት ይችላሉ። አዲስ እትም ወጣ አልወጣ እያሉ በየሳምንቱ ገጹን ከመፈተሽ ፊዱን መጠየቅ ይቀላል።

በፋይሉ ውስጥ ምን አለ?

ፊድ የሚጻፈው ኤክስ ኤም ኤል በሚባል ሥርዓት ነው። ይኸውም እያንዳንዱን ነገር በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት መካከል ማስቀመጥ ማለት ነው። ፋይሉ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ አውጪው ይናገራል፤ ስሙን፣ አድራሻውንና ቋንቋውን። የአማርኛ ቋንቋ ምልክት «ኤኤም» የተባሉት ሁለት ፊደሎች ናቸው። ሁለተኛው ክፍል ጽሑፎቹን አንድ በአንድ ይይዛል። የአንድ ጽሑፍ ይዘት ይህን ይመስላል፦

ርእስ፦ የምዝገባ ቀን መለወጡን ስለ ማሳወቅ
አድራሻ፦ ሙሉው ጽሑፍ የሚገኝበት ድረ ገጽ
መለያ፦ የማይለወጥና ከሌላ ጋር የማይገጥም ምልክት
ቀን፦ ጽሑፉ የወጣበት ቀንና ሰዓት
አጭር ይዘት፦ ሁለት ወይም ሦስት መስመር

ከእነዚህ ሁሉ እንደ ቀላል የሚታየው፣ ነገር ግን ብዙ ጥፋት የሚያስከትለው መለያው ነው። በአር ኤስ ኤስ ጉይድ፣ በአቶም አይዲ ይባላል። ማንበቢያው አንድን ማስታወቂያ አይቶት እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚያውቀው በርእሱ ሳይሆን በዚህ መለያ ነው። አውጪው ፋይሉን ባደሰ ቍጥር መለያውን ቢለውጥ፣ የዐምናው ማስታወቂያ ሁሉ ዛሬ እንደ ወጣ ሆኖ ይጎርፋል። ለሁለት ማስታወቂያ አንድ መለያ ቢሰጥ ደግሞ ሁለተኛው ከነጭራሹ አይታይም። ስለዚህ መለያ እንደ ክርስትና ስም አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ አይነካም።

በላይብረሪ ማንበብ

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ላይብረሪ ሲሉ መጻሕፍት የተደረደሩበትን ቤት ማለታቸው አይደለም። ሌላ ሰው ጽፎ፣ ፈትኖና አስተካክሎ ለሁሉም የተወውን የፕሮግራም ክፍል ማለታቸው ነው። ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ፊድ ለማንበብ የሚያገለግለው ላይብረሪ ፊድፓርሰር ይባላል፤ መጀመሪያ የጻፈው ማርክ ፒልግሪም ነው። በጃቫ ለሚሠሩ ደግሞ ሮም የሚባል አለ። ፊድፓርሰርን አንድ ጊዜ ካወረዱት በኋላ በኮምፒውተሩ ላይ ይኖራል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ፓርስ የሚለውን ትእዛዝ የፊዱን አድራሻ ሰጥቶ መጥራት። በአድራሻው ፈንታ በፍላሽ የመጣ ፋይል ቢሰጠውም ያነበዋል። ይህን ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2ኛ፤ ላይብረሪው ፋይሉ አር ኤስ ኤስ ይሁን አቶም ራሱ ለይቶ ኤንትሪስ የሚባል ዝርዝር ይመልሳል። የሁለቱ ዐይነቶች ስያሜ ቢለያይም ለእኛ አንድ አድርጎ ያቀርብልናል። በአንዱ ጉይድ፣ በሌላው አይዲ የሚባለውን እኛ የምናገኘው አይዲ በሚል ስም ብቻ ነው።

3ኛ፤ ዝርዝሩን አንድ በአንድ እየዞሩ የእያንዳንዱን መለያ ከዚህ ቀደም ካስቀመጥነው መዝገብ ጋር ማስተያየት። መለያው በመዝገቡ ካለ ማለፍ፤ ከሌለ ርእሱን ማሳየትና መለያውን መመዝገብ።

ይህ ሁሉ ከ15 መስመር በላይ አይፈጅም። ላይብረሪ ሳይጠቀም በራሱ እጅ ልጻፈው የሚል ግን ብዙ ችግር ይገጥመዋል። በኤክስ ኤም ኤል ደንብ አንዲት መዝጊያ ምልክት ብትጎድል ፋይሉ በሙሉ ውድቅ ነው። ፊድፓርሰር ግን ታጋሽ ነው። ስሕተት ያገኘበትን ፋይል ቦዞ በሚል ምልክት አስታውቆ የሚነበበውን ያህል ያነብልናል። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ቂላቂል እንደ ማለት ነው። የእኛን «ቦዘኔ» ስለሚያስታውስ ግን የሚረሳ ተማሪ የለም። የፋይሉ ቦዞ 1 ከሆነ አውጪው ሥራውን በደንብ አልሠራም ማለት ነው።

አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ጉዳይ ልጨምር። ከመጡት ጽሑፎች መካከል ለምሳሌ ስለ ሥራ የሚናገሩትን ብቻ ለይ ብንለው ፕሮግራሙ ፊደል በፊደል ያስተያያል። እኛ «ሥራ» ብለን ብንፈልግና ጸሐፊው «ስራ» ብሎ ቢጽፍ አያገኘውም። «ዓመት»ና «አመት»፣ «ጸሐይ»ና «ፀሐይ» ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። መፍትሔው ከማስተያየቱ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው መለወጥ ነው። ይህ የሚደረገው ለፍለጋው ብቻ ነው፤ ለአንባቢው የሚታየው ግን ጸሐፊው እንደ ጻፈው መሆን አለበት።

በላይብረሪ ማውጣት

አሁን ወደ አውጪው ወገን እንለፍ። በፓይተን ፊድ ለማዘጋጀት የሚያገለግለው አንዱ ላይብረሪ ፊድጄን ይባላል። በመጀመሪያ የፊዱን መለያ፣ ርእስ፣ አድራሻ፣ መግለጫና ቋንቋ እንሰጠዋለን። ከዚያም አድ ኤንትሪ በሚለው ትእዛዝ ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ እንጨምራለን። በመጨረሻ ከዚያው ከአንዱ ዝግጅት አር ኤስ ኤስም አቶምም አድርጎ ይጽፍልናል። በጽሑፉ ውስጥ ሥርዓቱን የሚያፈርሱ ምልክቶች ቢኖሩ ራሱ ይለውጣቸዋል። በእጅ የሚጻፍ ፊድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእነዚህ ምልክቶች ነው።

ፋይሉ ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ መቀመጥ አለበት። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ቅራቅንቦ ይሆን ነበር። ዛሬ ይህ ችግር አልፏል። ያም ሆኖ በቆየ የፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ማስታወቂያ ገልብጦ ፊድ ውስጥ ማስገባት ያንኑ የድሮውን ጣጣ ያመጣል።

የቀን አቈጣጠር ወጥመድ

ከሁሉ የሚበልጠው ጣጣ ግን ቀን ነው፤ ይህን የምናገረው በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው። ለአንድ የተማሪዎች ክበብ ፊድ ስሠራ ማስታወቂያው የወጣው ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም ስለ ሆነ 2018-05-18 ብዬ ጻፍሁ። ፕሮግራሙ ምንም አላለኝም፤ ፋይሉም ቦዞ አልሆነም። ማስታወቂያው ግን ማንም አላየውም። ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ማንበቢያው ቀኑን በፈረንጆች አቈጣጠር እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2018 ነው ብሎ ወሰደው፤ ይህም በእኛ ግንቦት 10 ቀን 2010 ዓ.ም ነው። ስለዚህ የማለዳውን ማስታወቂያ የስምንት ዓመት አሮጌ ነው ብሎ ከዝርዝሩ ግርጌ ቀበረው።

የዚህ ስሕተት ክፋቱ ዝም ማለቱ ነው። በእኛ አቈጣጠር ወር ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ፣ እንዲሁ በቍጥር ሲጻፍ አብዛኛው የፈረንጅ ቀን ይመስላል። የሚጋለጠው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። በጳጉሜን ወሩ 13 ስለሚሆን ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ወር የለም ይላል። በጥቅምት መጨረሻም ወሩ 2 ስለ ሆነ ፌብሩዋሪ 30 እንደ ማለት ይሆንበትና ይሰናከላል። እንግዲህ ፕሮግራማችን በጳጉሜን ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ፣ የቀሩትን 12 ወሮች ሲዋሽ ከርሟል ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለአንባቢ በምናሳየው ጽሑፍ ውስጥ የራሳችንን ቀን እንጻፍ፤ በፊዱ የቀን ቦታ ግን ተመልሶ ይግባ። አመላለሱም እንዲህ ነው። መስከረም 1 ቀን የሚውለው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 7 ሲደመር በሚገኘው የፈረንጅ ዓመት ሴፕቴምበር 11 ነው። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ፣ ማለትም ለ4 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው፣ በፊቱ ያለው ጳጉሜን 6 ስለሚሆን ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. እስከ 2099 ድረስ ይሠራል። ከዚያ ከመስከረም 1 ጀምሮ ያለፉትን ቀኖች መደመር ነው። ጥር 18 ከሆነ አራት ወር በ30 ሲባዛ 120፣ በእርሱ ላይ 17፣ ድምሩ 137 ይሆናል። 2018 ለ4 ሲካፈል ቀሪ ስላለው ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ተነሥተን 137 ቀን ብንቈጥር ጃንዋሪ 26 ቀን 2026 እንደርሳለን። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ጓደኞቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ፈጥነው ይሠሩታል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብለን 03:00 ብንጽፍ ማስታወቂያው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወጣ ማለት ነው። የሚጻፈው 09:00 ሆኖ፣ አጠገቡ የሀገራችን የሰዓት ክልል +03:00 መጨመር አለበት። ፊድጄን የሰዓት ክልል ያልተነገረውን ቀን አልቀበልም ብሎ ይመልሳል፤ ደግ አደረገ። ፊድፓርሰር በበኩሉ ሲያነብ ቀኑን ሁሉ ወደ ግሪኒች ሰዓት ይለውጣል። የጠዋቱ 3 ሰዓት እዚያ 06:00 ይሆናል። ስለዚህ ከግሪኒቹ ሰዓት 3 ብንቀንስ በቀጥታ የእኛን የሰዓት አቈጣጠር እናገኛለን፤ የሚቀረው ጠዋት፣ ማታ ወይም ሌሊት ብሎ መጨመር ነው።

በአር ኤስ ኤስና በአቶም መካከል የትኛው ይሻላል ለሚል፣ እኔ አቶምን እመርጣለሁ። በአር ኤስ ኤስ የወሩ ስም በእንግሊዝኛ አኅጽሮት መጻፍ አለበት። በአቶም ግን ቀን ሁሉ ቍጥር ብቻ ነው፤ የወጣበትንና የታረመበትን ቀንም ለያይቶ ይይዛል። የምዝገባ ቀን ሲለወጥ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው።

ኔትወርክ ለሚያጥረው አገር

አሁን ወደ ዳባቱ ልጅ እንመለስ። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ በኔትወርክ ግን ይጫናል፣ ክብደትም አለው። በዩ ቲ ኤፍ 8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አንድ ማስታወቂያ 300 ፊደል ቢሆን 900 ባይት፣ ከምልክቶቹ ጋር 1,200 ባይት ያህል ነው። በሳምንት ሦስት ማስታወቂያ ቢወጣ፣ በ16 ሳምንት 48 ማስታወቂያ ይሆናል፤ ሁሉም አንድ ላይ ከ60,000 ባይት አይበልጥም። ሥዕልና ጌጥ ያለበት አንድ የዛሬ ድረ ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ከ2,000,000 ባይት ይበልጣል። የመንፈቀ ዓመቱ ማስታወቂያ ሁሉ ተጠቃሎ የአንድ ገጽ ሠላሳኛ እጅ አይሞላም ማለት ነው። ጉብታው ላይ በምትመጣው የደቂቃ ኔትወርክ ገጹ ባይወርድም ፊዱ ይወርዳል።

ከዚህም በላይ የሚቈጥብ ዘዴ አለ። ሰርቨሩ ፋይሉን ሲሰጥ ኢታግ የሚባል ምልክት ወይም ፋይሉ የተለወጠበትን ጊዜ አብሮ ይነግራል። ይህን አስቀምጠን በሚቀጥለው ጊዜ ለፊድፓርሰር ብንሰጠው «ከዚህ ወዲህ አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ ሰርቨሩ 304 የሚል ቍጥር ብቻ መልሶ ዝም ይላል፤ ፋይሉ አይላክም። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ትተው በየደቂቃው ሙሉውን ፋይል የሚያወርድ ፕሮግራም ይጽፋሉ። ይህ የራስንም ገንዘብ፣ የሰውንም ሰርቨር ማባከን ነው። ለማስታወቂያ በሰዓት አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃል።

ኔትወርኩ ጨርሶ ሲጠፋስ? በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችን እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፊድም ቢሆን በራሱ አይበርም። ሆኖም ሁለት ነገር ይጠቅመናል። አንደኛ፣ ፊድ አንድ ተራ ፋይል ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ አንድ ተማሪ በፍላሽ ይዞት ቢሄድ፣ እዚያ ያለው ማንበቢያ ከኢንተርኔት የመጣ ይመስል ያነበዋል፤ ያልታየውንም ለይቶ ያሳያል። በመኪና የሄደ ፋይል ዘግይቶ ይደርስ ይሆናል እንጂ ተቈርጦ አይደርስም። ሁለተኛ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ የቆየው ሁሉ በቅደም ተከተል ይገኛል። በዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ አውጪዎች በፊዱ ውስጥ የመጨረሻዎቹን 10 ወይም 20 ጽሑፎች ብቻ ያስቀምጣሉ። ሦስት ወር ለተለየ አንባቢ መካከሉ ጐድሎ ይቀራል። ስለዚህ በእኛ አገር የሚወጣ ፊድ ቢያንስ የመንፈቀ ዓመቱን ሁሉ መያዝ አለበት፤ ክብደቱም ከላይ እንዳየነው ኢምንት ነው። ከዚያ ለሚበልጥ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አር ኤፍ ሲ 5005 አሮጌውን በየፋይሉ ከፍሎ አንዱን ከሌላው የሚያያይዝበትን መንገድ ደንግጓል።

«ቴሌግራም አይበቃም ወይ?»

ይህን ጥያቄ ከብዙ ጓደኞቼ ሰምቻለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ሕዝቡ ያለበት ቦታ ናቸው፤ ይቅሩ አልልም። ነገር ግን በፌስቡክ ላይ የትኛው ጽሑፍ ለማን፣ መቼ እንደሚታይ የሚወስነው ኩባንያው ነው። በስልክ ቡድን ውስጥም ጠቃሚው ማስታወቂያ ከሁለት መቶ ቀልድ በታች ይቀበራል። በፊድ ግን ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ቀኑ፣ ምርጫውን የሚወስነው አንባቢው ነው። በአውጪውና በአንባቢው መካከል ደላላ የለም፤ ማን ምን እንዳነበበ የሚመዘግብ ዋና መሥሪያ ቤትም የለም።

ደግሞም አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ፊዱን አንድ ጊዜ በደንብ ካዘጋጀነው ያንኑ እያነበበ ወደ ቴሌግራም ቻናል የሚያስተላልፍ ትንሽ ፕሮግራም ለመጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ከዚያው ፊድ ሌላ ፕሮግራም አንብቦ በወረቀት ሊያትመውና በየግቢው ሰሌዳ ሊለጠፍ ይችላል። ምንጩ አንድ ይሁን፤ መድረሻው ይብዛ። ዛሬ የምናየው ግን በተቃራኒው ነው። አንዱ ማስታወቂያ በአራት ቦታ በአራት እጅ ይጻፋል፤ ቀኑ ሲለወጥ በሁለቱ ይታረማል፤ በሁለቱ ሳይታረም ይቀራል።

የፊድ ጉድለት የለም ማለቴ አይደለም። ፊድ ያልተጻፈውን አያመጣም። አውጪው ሰነፍ ከሆነ መልእክተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። እንዲሁም አብዛኛው ተማሪ ፊድ ማንበቢያ በስልኩ ላይ የለውም፤ ማለማመድ ያስፈልጋል። ይህ ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት እንጂ የዓመት ሥራ አይደለም።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ሐሳቤ ይህ ነው። ማኅበራችን ለራሱ ማስታወቂያዎች አንድ የአቶም ፊድ ያውጣ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ላይብረሪዎቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው። የሚያስፈልገው ሁለት ወይም ሦስት የኮምፒውተር ተማሪዎችና አንድ ኀላፊነት የሚሰማው ጸሐፊ ነው። ሥራውን ለሚጀምሩት አራት ነገር አደራ እላለሁ። መለያው አይለወጥ፤ ቀኑ ከነሰዓት ክልሉ ይመለስ፤ ፋይሉ በዩ ቲ ኤፍ 8 ይጻፍ፤ የመንፈቀ ዓመቱ ማስታወቂያ ሁሉ በውስጡ ይቆይ። ከማውጣታቸውም በፊት በፊድፓርሰር ያንብቡትና ቦዞ 0 መሆኑን፣ ርእሱና ቀኑም በትክክል መምጣቱን ይዩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የአንድ ቀን ፈተና የአንድ ዓመት ስሕተት ያድናል። ማኅበሩ ሠርቶ ሲያሳይ ማስታወቂያ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችም እንዲከተሉ ለመጠየቅ አፍ ይኖረናል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል ያገራችን ሰው። እኛ የምንሻው አንበሳ ማሰር አይደለም። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራ የመጣ ተማሪ እናቱን አስታምሞ ሲመለስ ስሙን ከመዝገብ ተሰርዞ እንዳያገኘው ብቻ ነው።